ከማታው ጋር የተደረበው ክኒን

ጋሻዬን «የክኒን ዘበኛ!» ብሎ የሰደበው ታላቅ ወንድሙ ዲያቆን ምስጋኑ ነው። ነሐሴ ሦስት ቀን፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እዚያው የደብሩ በር ላይ። ሁለት የክፍሉ ልጆች ሰምተው ሳቁ። ጋሻዬ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቂሙ ግን የሽማግሌ ነው። አምና በዳግም ትንሣኤ «አንተ ደግሞ ማን ሆነህ ነው?» መባሉንም አልረሳም።

ክኒኑ ሊትየም ይባላል። ምስጋኑ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ገበያ መሀል ሲጮህ ከሰነበተ ወዲህ ስሜቱን የሚያረጋጋለት እሱ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ነርሷ ትሕትና ጋሻዬንም አስቀምጣ ነግራዋለች። ውኃ በደንብ ይጠጣ፣ ያመለጠውን ከሚቀጥለው ጋር አይደርብ፣ የደም ምርመራ ቀኑን አይዝለል። ከተንቀጠቀጠና ካስመለሰው ግን መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ በዝቷል ማለት ነውና ሳይውል ሳያድር ይምጣ።

ፍልሰታ ሲገባ ምክሩ ሁሉ ገደል ገባ። ቀዳሽ ዲያቆን ቅዳሴው እስኪያልቅ ውኃም አይቀምስም።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ምስጋኑ ነጠላውን ማጣፋት አቃተው። እጁ ይርገፈገፋል። ከንጋት ጀምሮ ሁለቴ አስመልሶታል።

«የጠዋቱን ክኒን ምን እያደረግኸው ነው?» አለው ጋሻዬ።

«ከማታው ጋር እውጠዋለሁ። ቀዳሽ ነኝ እኮ!»

«ሁለቱን ባንዴ? ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ? ኧረ ምስጌ፣ ትሕትና የነገረችን...»

«ትሕትናን ቅዳሴ ማን አስተማራት? ዞር በልልኝ!» ምላሱ ተሳስሯል። «ደግሞ ለአባ ንገርና እንተያያለን! ከቅዳሴ ካስወጣኸኝ ወንድም የለኝም።»

ጋሻዬ ጥርሱን አፋጨ። ምስጋኑ ከታመመ ወዲህ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው በቅዳሴው ብቻ ነው። መናገር ማለት ያንን መንጠቅ ነው። ዝም ማለትስ? የወንድሙን እጅ እንደገና አየና ወጣ።

በመንገድ ላይ ለትሕትና ደወለ። «ሳናየው አንድም ክኒን እንዳይውጥ! አሁኑኑ አምጡት!» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

የንስሐ አባታቸው አባ ተክለ ሚካኤልም ሰምተው ሲጨርሱ የተቆጡት እሱኑ ነው። «ይኸን ሁሉ ቀን አፍህን ምን ያዘው? ለታመመ ሰው ጾሙን የምፈታ እኔ አይደለሁም? ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

«አባ፣ እኔ እኮ...»

«በል ቅደም!»

አበጀህ የሚል አንድ ሰው ይጥፋ!

ምስጋኑን ግድግዳ ተደግፎ አገኙት። አባ ብብቱን ይዘው፣ «ልጄ፣ ዛሬ አትቀድስም። ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አሉት።

ምስጋኑ ዐይኑን ጋሻዬ ላይ ተከለ። «ይሁዳ! አሁን ደስ አለህ? ትምህርቱን የወደቅኸው ለዚህ ነው፤ ወሬ ስታመላልስ!»

ጋሻዬ ከአምና ጀምሮ ያጠራቀመው መልስ ነበረው። ሊያወርድበት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ወንድሙን ጉልበቱ ከዳው፤ አባ አቅፈው ያዙት።

ጋሻዬ መልሱን ትቶ ባጃጅ ሊያስቆም ወደ መንገዱ ወረደ።