የኑኃሚን ክኒን

ትዕግሥት ለፖሊስ የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፦ «የወንድሜ ሚስት ኑኃሚን መድኃኒቷን አንድም ቀን አላቋረጠችም። በየጠዋቱ ክኒኑን መዳፏ ላይ የማኖርላት እኔ ነኝ። ስትውጠው ሳላይ ከክፍሏ አልወጣም።»

ኑኃሚንን ሆስፒታል ስትደርስ የተቀበሏት ዶክተር ጴጥሮስ የሰጡት ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሟች የእንቅርት ዕጢዋ ከመጠን በላይ የሚሠራባት ታካሚ ነበረች። ለዚህ የሚታዘዘው መድኃኒት ለዓመታት ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። በደሟ ውስጥ ያገኘነው ግን መድኃኒቱን ለሳምንታት ያልወሰደ ሰው የሚኖረውን ነው። ልቧ መሸከም አቅቶት ቆመ።»

ኢንስፔክተር ነጅማ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ዐይኗን በጣቶቿ አሸች። ጠዋቱን ሙሉ ልደታ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ስትጠብቅ ቆይታ፣ ለሌላ ቀጠሮ ተብላ ነው የተመለሰችው። አሁን ደግሞ የሟች ወንድም አሌክስ ከፊቷ ተቀምጦ ጉልበቱን ያወዛውዛል።

«ምን ይጠብቃሉ፣ ኢንስፔክተር? ሐኪሙ አልወሰደችም ብሏል። የምትሰጣት ትዕግሥት ናት። በዚያ ላይ ከእህቴ ጋር ድመትና አይጥ ነበሩ።»

«በምን ነው የሚጣሉት?»

«በመስኮት።»

«በመስኮት?»

«እህቴን በሽታው ያቃጥላታል፤ በክረምትም መስኮት ትከፍታለች። ትዕግሥት ብርድ አትችልም፤ ትዘጋለች። አንዷ ስትከፍት አንዷ ስትዘጋ ዓመታት አለፉ።»

«በመስኮት ሰው የሚገደል ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?» አለች ነጅማ።

አሌክስ አልሳቀም። «ካላሰሯት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ዛቻው ባዶ አልነበረም። ሁለቱ ወረቀቶች እንዳሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ቢደርሱ፣ ትዕግሥት በነፍስ ግድያ መከሰሷ አይቀርም። ነጅማ ግን ሁለቱንም ቃሎች ደጋግማ አንብባ ውሸት አላገኘችባቸውም። ሁለቱም እውነት ከሆኑስ?

ጌጃ ሰፈር ስትደርስ የሐዘኑ ድንኳን ገና አልፈረሰም። ባልየው አቶ ፈቃደ ወደ ሳሎን አስገባት። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ያረጀ ሰው ነው፤ ብዙ የሚያወራ ባለጉዳይ እንደሚሸነፍ ያውቃል።

«መድኃኒቱን የሚገዛው ማን ነው፣ አቶ ፈቃደ?»

«እኔ።»

«ሰሞኑን ከየፋርማሲው ጠፍቶ ነበር ይባላል።»

«ጠፍቶ ነበር፤ ተገኘ።»

«ቅዳሜ ትኩሳት ሲይዛት ወደ ክሊኒክ የወሰዷት እርስዎ ነዎት። መድኃኒት አቋርጣ እንደሆነ አልጠየቁዎትም?»

«ጠይቀውኛል። አላቋረጠችም አልኩ። እህቴም የምትለው ይህንኑ ነው።»

ክሊኒኩም መልሱን አምኖ የኢንፌክሽን መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት መለሳት። ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ስትደርስ የሚተርፍ ነፍስ አልነበራትም። ነጅማ ብልቃጡን ጠየቀች። ፈቃደ ከቁም ሳጥኑ ላይ አንሥቶ ሰጣት። ከፈተችው፤ እላዩ ላይ ከተጻፈው የመድኃኒት ስም ጋር የሚስማሙ ሮዝ ክኒኖች አሉበት። ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ትዕግሥት ግቢው ቧንቧ ሥር የለቀስተኛ ብርጭቆ ታጥባለች። ነጅማ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ልትወስጂኝ ነው?» አለች ትዕግሥት ቀና ሳትል። ወዲያው አረመችው፤ «ይቅርታ፣ ሊወስዱኝ ነው?»

«አንቺ በይኝ፤ ማን ታናሽ እንደሆነ አይታወቅም። አመሟ እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያ ደህና ነበረች። መድኃኒቱ ተስማምቷት ወፍራ ነበር፤ ‹ሰው አደረገኝ፣ ግን ቀሚሴን ነሳኝ› እያለች ትስቅ ነበር። ኋላ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንቅልፍም አጣች፣ ከሳች፣ በላብ ተጠመቀች። ክኒኑን በሰዓቱ እየሰጠኋት ለምን ይብስባታል እያልኩ ግራ ገባኝ።»

«ክኒኑ ምን ይመስላል?»

«ነጭ፣ ትንሽዬ።»

ነጅማ መዳፏን ዘረጋች። ከብልቃጡ የወሰደቻት ሮዝ ክኒን ፀሐይ ላይ ታየች። ትዕግሥት ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ይሄማ የድሮው ነው።»

«የድሮው?»

ትዕግሥት አፏን ከፍታ ወደ ሳሎኑ በር አየች። በሩ ላይ ፈቃደ ቆሟል። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ትዕግሥት፣ ነጩን ማን አመጣው?»

«አላውቅም» አለችና ብርጭቆውን አንሥታ፣ የታጠበውን እንደገና ታጥበው ጀመር።

ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት እትዬ መይሙና ናቸው። በሻርፓቸው ሥር አንገታቸው ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ይታያል።

«የእንቅርት ነው?» አለቻቸው ነጅማ።

«የእንቅርት ነው ልጄ። እኔ ተቆረጠልኝ፣ ኑኃሚን በክኒን ያዘችው። አንድ ሐኪም ቤት ነበር የምንመላለሰው። እሷ በሙቀት፣ እኔ በብርድ! ‹ሁለታችንን ቢደባልቁን አንድ ጤነኛ ይወጣን ነበር› ትለኝ ነበር፣ አላህ ይዘንላት።»

«እርስዎም ክኒን አለዎት?»

ሴትዮዋ ከትራሳቸው ሥር ሁለት ዓይነት ማሸጊያ አወጡ። ክኒኖቹ ነጭና ትንንሽ ናቸው።

«ማሸጊያው ለምን ተለያየ?»

«አንዱ ቀድሞ የገዛሁት ነው። ሌላው ፈቃደ የመለሰልኝ። የሷ መድኃኒት ከከተማው ሲጠፋበት አበደርኩት። እዚህ ግቢ ሽንኩርት እንበዳደራለን፣ በርበሬ እንበዳደራለን፤ ታዲያ መድኃኒት ልከለክል ነው? ሁለታችንም የእንቅርት ነን። ደግሞ ብድሩን አልበላም፣ ወላሂ! ልክ የኔኑ ዓይነት ፈልጎ መለሰ።»

«መቼ ነው የመለሰልዎት?»

«ዓርብ፣ ከመስጊድ ስመለስ በር ላይ ጠብቆ ሰጠኝ።»

ነጅማ ሁለቱን ማሸጊያዎች ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው። ሴትዮዋ ፊቷን ሲያዩ እጃቸው ሻርፓቸው ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ምን አደረግኩ?»

«ነገ ከሰዓት እነ አቶ ፈቃደ ቤት ይምጡ፣ እትዬ። እስከዚያ ብቻዎን አይሁኑ።»

በማግስቱ አምስት ሰዎች ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። ፈቃደ፣ ትዕግሥት፣ አሌክስ፣ እትዬ መይሙና፣ እንዲሁም በነጅማ ልመና ከሥራቸው የመጡት ዶክተር ጴጥሮስ። ነጅማ ቆመች፤ ብትቀመጥ መነሣት የሚያቅታት መሰላት።

«ትዕግሥት ክኒን ሰጥታታለች። ዶክተርም ሟች መድኃኒቷን አልወሰደችም ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። የሰጠቻት ክኒን የሷ መድኃኒት አልነበረም። ዶክተር፣ ነጩ ክኒን ምንድን ነው?»

«እትዬ መይሙና ዕጢያቸው ስለወጣ፣ ዕጢው ያመርተው የነበረውን የሚተካላቸው ነው» አሉ ዶክተሩ። «የኑኃሚን ሮዝ ክኒን ደግሞ ዕጢውን የሚያበርድ ነው። ነጩ ለእሳቸው የጎደለውን ይሞላል፤ ለእሷ ግን በሞላው ላይ ይጨምራል።»

እትዬ መይሙና ፊታቸውን ሸፈኑ። ነጅማ ትከሻቸውን ነካች።

«ማበደርዎ ስሕተት ነው፣ ወንጀል አይደለም። የተበደረውም እስከዚያ ድረስ ተሳስቶ ነበር። መድኃኒቱ ጠፋ፤ የሚስቱ ብልቃጥ ባዶ ከሚሆን፣ የአንድ በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ በጎረቤት ክኒን ሞላው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ሐዘን ልደርስ እንጂ ለምርመራ አልመጣም ነበር።»

«ታዲያ በምን አበቃ?» አለ አሌክስ።

«በብድሩ አመላለስ። አቶ ፈቃደ፣ ሮዙ ክኒን ፋርማሲ ሲገኝ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው የሚያምኑ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ለእትዬ መይሙናም ከሮዙ ይመልሱ ነበር። እርስዎ ግን ነጩን ለብቻ ፈልገው ገዙ። ነጩን ለይቶ የሚገዛ ሰው የተለያዩ መሆናቸውን አውቋል። ብልቃጡም ይህንኑ ይናገራል፤ ዛሬ በውስጡ ያለው ሮዝ ነው። ትክክል ነው ብሎ የሚያስበውን ነገር ማንም ደፍቶ አይለውጥም።»

ፈቃደ ምንጣፉን ያያል።

«ብድሩን የመለሱት ዓርብ ነው» ቀጠለች ነጅማ። «ቅዳሜ ክሊኒኩ ‹አቋርጣ ነበር?› ሲልዎት እውነቱን ያውቁ ነበር። ዶክተር፣ ያን ቀን የሌላ ሰው ክኒን ስትውጥ ነበር የከረመችው ቢባል?»

«በዚያው ቀን ወደ እኛ ይልኳት ነበር» አሉ ዶክተሩ። «መትረፏን እምላለሁ አልልም። ዕድል ግን ነበራት።»

«ሦስት ዓመት!» አለ ፈቃደ በድንገት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር ማን አየኝ? ብልቃጡ ሲጎድል እሷ የምትጮኸው በእኔ ላይ ነው።» ከዚያ ድምፁ ወደ ሥራው ድምፅ ተመለሰ። «ይህ ሁሉ ግምት ነው፣ ኢንስፔክተር። ብድር መለስኩ፤ ነጩን ለሚስቴ ሰጠሁ የሚል ምስክር ግን የለም። በእጇ የሰጠችው እህቴ ናት። ፈርማበታለች።»

አሌክስ ወደ ትዕግሥት ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያያት ሰው አያት።

«ልክ ነው» አለች ነጅማ ቀስ ብላ። «እስካሁን ያለኝ ቃል የሚያስጠይቀው ትዕግሥትን ብቻ ነው። ሌላ የምትለው ከሌላት፣ መዝገቡ እንዳለ ይሄዳል።»

ትዕግሥትን እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት ፈቃደ ነው። ደብተሯን የሚሸፍንላትም፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም እሱ ነበር። ወንድሟን አየችው። እሱ አላያትም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ካምፓኒው ተቀይሮ ነው ብሎ ነጩን በእጄ የሰጠኝ እሱ ነው» አለች። «ዓርብ ማታ ደግሞ፣ ከእንግዲህ እኔ እሰጣታለሁ ብሎ ብልቃጡን ወሰደብኝ።»

ከዚያ ወደ ፈቃደ ዞረች።

«ጋሼ፣ እስር ቤት ስንቅህን በየቀኑ አመላልስልሃለሁ። ቃሌን ግን እሰጣለሁ።»