ከአሠልጣኙ ራስ የሰፋው ሄልሜት

አሠልጣኙ ከገደሉ ሥር ሞቶ ሲገኝ አዲሱ ሄልሜት ጭንቅላቱ ላይ ነበር። ሄልሜቱ አልተጫረም፤ የተሰበረው ግንባሩ ነው። ወሬው የገደል ወጪዎቹ ክበብ ሲደርስ ንብረት ጠባቂው የዕቃ መዝገቡን ገለጠ። ያንን ሄልሜት ጠዋት መርጦ የሰጠው እሱ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «ቁንጥንጧ» ይሏታል፤ ወንበር ቢሰጧት አትቀመጥ፣ ብትቀመጥ አትረጋ። ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየተመላለሰች የተንጠለጠለውን ሁሉ ትነካካ ጀመር። የንብረት ጠባቂው ልብም አብሯት ይመላለስ ነበር።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ገደሉን ሲወጣ ከታች የደህንነት ገመዱን ይዤለት ነበር ሲል ቃሉን ሰጠ። አሠልጣኙ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ የአገጩን ማሰሪያ ሳይዘጋ ጎንበስ ብሎ እንደ ልማዱ ራሱን አራገፈ፤ ከዚያ አስሮ ወጣ። ጥቂት ሳይሄድ ድንጋይ ወረደ፤ ሄልሜቱም ወደ ኋላ ሸሸና ግንባሩን አጋለጠው።

«በጋሼ ላይ መፍረዴ አይደለም» አለ ወንድምየው፣ ንብረት ጠባቂውን ላለማየት መሬት መሬት እያየ። «ግን ሰፊ ነው የሰጡት።»

ንብረት ጠባቂው ወደ እጆቹ ተመለከተ። ሃያ ዓመት የሰው ጭንቅላት ለክቷል፤ ዛሬ የገዛ እጁን ማመን አቃተው።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የክበቡ ሐኪም ነበር። አንገቱ ተጎድቶ ይሆናል ብሎ ሄልሜቱን እንዳልነካ፣ ትንፋሹን ብቻ እንዳየ ተናገረ። መርማሪዋ ወደ ንብረት ጠባቂው ዞረች።

«እንዴት መረጡለት?»

ከቅንድቡ በላይ በሜትር እንደለካው፣ ሁለት ቁጥር እንዳቀረበለት፣ ትንሹ ግራና ቀኝ እንደጨመቀው፣ ትልቁ ግን ልክ እንደሆነለት ነገራት።

«ከኋላ ያለችውን ማጥበቂያስ?»

«ስሰጠው እስከ መጨረሻው አላላኋት። ለማንም እንደዚያው ነው። ሌላው ባጠበቀው የሚሄድ ሰነፍ አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ገደሉ ሥር ሲደርስ ለራሱ ያጥብቅ ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ወደ ገደሉ ሄደች።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትመለስ በእጇ ከረጢት ነበር። ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ከመደርደሪያው ያንኑ ዓይነት ሄልሜት አውርዳ፣ ማጥበቂያዋን አላልታ፣ ማሰሪያውን ሳትዘጋ ንብረት ጠባቂው ራስ ላይ አኖረችና ጎንበስ እንዲል ነገረችው። ሄልሜቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

«የሟቹም ማጥበቂያ እንደዚሁ ልል ናት» አለች። «ጎንበስ ብሎ ቢያራግፍ ኖሮ እዚያው ይወድቅ ነበር። ስለዚህ አላራገፈም፤ ሳያራግፍ ደግሞ አይወጣም ነበርና አላጠለቀውምም። ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ነው ያጠለቀለት።»

ሄልሜቱን አንስታ ለሐኪሙ ሰጠችውና ለንብረት ጠባቂው እንዲያደርግለት ጠየቀችው። የሐኪሙ ጣቶች ሳያስቡት ወደ ኋላ ሄደው ማጥበቂያዋን አዞሩ።

«አያችሁ? የለመደ እጅ አይረሳትም። ማሰሪያውን ብቻ ዘግቶ የሚተው፣ የራሱ ሄልሜት ማጥበቂያ የሌለው ሰው ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ያንተ የት አለ?»

«ቤት ነው።»

ከከረጢቱ ገደሉ ሥር ያገኘችውን ያረጀ ቢጫ ሄልሜት አወጣች። ከመሃሉ ተሰንጥቋል፤ ከኋላው ማጥበቂያ የለውም። ጫፉ ላይ የቦት ጫማ አሻራ አለ።

«ከአሠልጣኙ ጫማ ጋር ገጥሟል» አለች በቀስታ። «ወንድምህ ምን አለህ?»

ወንድምየው ሄልሜቱን እንጂ እሷን አላየም።

«ይሄን ካልቀየርክ ገደል አትረግጥም አለኝ። የአባባ ነው አልኩት። ነጥቆኝ ረገጠው፤ እያየሁት ረገጠው። ድንጋዩን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።» ቀና አለ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ጥፋት የለበትም።»

ንብረት ጠባቂው ከትከሻው ሸክም ሲወርድ ሊሰማው ይገባ ነበር፤ አልተሰማውም። ከላይኛው መደርደሪያ ያልተከፈተ ካርቶን አወረደ።

«ትናንት ነው ያዘዘኝ» አለ። «የወንድሜ ራስ ሃምሳ ሰባት ነው፤ እኔ ብሰጠው እልኽ ይይዘዋል፣ እርስዎ ይስጡልኝ አለኝ። ዛሬ ስትመለሱ ልሰጥህ ነበር።»

ቢጫ ሄልሜት ነበር፤ ቀለሙን የመረጠው አሠልጣኙ ራሱ ነው። ንብረት ጠባቂው እንደ ልማዱ ማጥበቂያዋን እስከ መጨረሻው አላልቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሚያጠብቃት ግን አልነበረም።