የአዴ ሙሚና አማና

እኔ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ፣ ቡዳ በላው ሲሉኝ «መጀመሪያ ወባ እንዳይሆን ይመርመር» የምል ሰው ነኝ፣ እናቴ እንኳ «ነርስነት ከተማርሽ ወዲህ ጸበሉንም ልትመረምሪ ምንም አልቀረሽ» እያለች ትቆጣኝ ነበር፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም፣ ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም እስቅ ነበር። ግን በእመቤቴ እላችኋለሁ፣ የማወራችሁ በእጄ የያዝኩትን ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፣ ሐረር ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነበርኩ። አንድ ፈረንጅ ዶክተር መጥቶልን ነበር፣ ሥራው ነቀርሳቸው ገፍቶ ሌላው ሐኪም «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ያላቸውን ሴቶች ኦፕራሲዮን ማድረግ ነው፣ ማህፀኑን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ነቀርሳው የነካውን ሁሉ፣ አንዳንዴ ፊኛውን ጭምር ጠራርጎ ያወጣል፣ ከዚያ ቁስሉን የማጥበው እኔ፣ ከእንግዲህ ሽንት በሆድ በተከፈተው ቀዳዳ ነው የሚወጣው ብዬ ለዘመድ የማስረዳው እኔ፣ እሱማ «ሲስተር፣ ስንቶቹ ዓመት እንደሚኖሩ መመዝገብ አለብን» ብሎ ደብተሩን አስታቅፎኝ ይሄዳል። እውነቱን ልናገር፣ እዚያ ደብተር ላይ የሰው ስም መሰረዝ አስጠልቶኝ ነበር።

አዴ ሙሚና የመጡት በዚህ መሀል ነው፣ አዴ በሐረር እናት እንደማለት ነው። ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ኦፕራሲዮኑ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ፈጀ፣ ተረፉ። ዶክተሩ የወጣውን ሁሉ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ከትቼ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ እንድልክ አዘዘኝ፣ ጠርዙ ላይ ነቀርሳ ቀርቶ እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ ስማቸውን ጻፍኩበት። ልብ በሉ፣ በገዛ እጄ ነው።

ገና እጄን ሳልታጠብ ታላቅ እህታቸው አዴ ዘሃራ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሲስተር፣ ከአካሏ የወጣውን ስጪኝ፣ አፈር ይልበስ።»

«አዴ፣ ለምርመራ አዲስ አበባ የሚሄድ ነው እኮ።»

«ወላሂ አይሄድም! የሰው አካል በባቡር ሊጫን? አማና ነው ልጄ፣ የአላህ አደራ፣ አፈር ማልበስ አለብን። ካልሰጣችሁን እሷንም አሁኑኑ ተሸክመን እንወጣለን።»

ለማስፈራራት ያህል አይደለም፣ አራት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ታማሚዋ ከአልጋ ከተነሱ ደግሞ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ለዶክተሩ ብነግረው «አስረጃቸው» አለኝ፣ አስረጂ ማለት ለአፍ ቀላል ነው! የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ እኔም ደም የጠጣ ጎዝ፣ የቁስል ጨርቅ፣ ሰብስቤ በንጹሕ አቡጄዲ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፣ ደሙስ ቢሆን ከእሳቸው የወጣ አይደል እንዴ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አዴ ዘሃራ በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ፣ በዚያው ዕለት ከኤረር በር ውጭ ተቀበረ።

ተገላገልኩ ስል ጠርሙሱን ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የሚያደርሰው መኪና ተበላሸ፣ ነገ ይጠገናል፣ ከነገ ወዲያ ይጠገናል፣ ጠርሙሱ መጋዘን ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን አዴ ሙሚና «በረደኝ» አሉ። ቴርሞሜትር አደረግሁላቸው፣ ትኩሳት የለም። ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ ሌላም ደረብኩ።

«ተይው ልጄ፣ ከላይ አይደለም። ውሃ ውስጥ ነኝ።»

«የምን ውሃ፣ አዴ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሽታው ያቃጥላል። አጠገቤ የሳሙና ካርቶን አለ፣ አንድ ሰውዬ እየገባ ያፏጫል።»

መጋዘኑ ከግቢው ወዲያ ማዶ ነው፣ ሴትየዋ ደግሞ ከአልጋ ወርደው አያውቁም። ጽዳት ሠራተኛዋ ነገረቻቸው ብዬ ከእሷ ጋር ተጣላሁ፣ ምስኪን አልቅሳ ማለችልኝ። ከዚያ ራሴ መጋዘን ሄድኩ፣ ጠርሙሱ ከሳሙና ካርቶን አጠገብ ተቀምጧል፣ የመጋዘኑ ሰውዬም እያፏጨ ይቆጥራል። ይሁን፣ ይህም ያጋጥማል አልኩ። ልወጣ ዞር ስል ግን ከኋላዬ ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ ቲክ፣ ቲክ። አይጥ ነው ብዬ ካርቶኑን አነሳሁ፣ ምንም የለም። ጠርሙሱን ስይዘው ዝም ይላል፣ ጀርባዬን ስሰጠው ቲክ። እመኑኝ፣ ከፍርሃት ይልቅ የያዘኝ ንዴት ነበር፣ «አርፈሽ ተቀመጪ!» ብዬ ጮህኩበት፣ ሰውዬው ሰምቶ ለስንት ቀን ሲስቅብኝ ነበር።

ከዚያ አዴ ሙሚና መብላት ተዉ። ዶክተሩ ቁስሉ ንጹሕ ነው፣ ካልበሉ ግን አይድንም፣ ይሞታሉ አለ። ማንኪያ ይዤ ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ አለቀስኩም።

«ግማሼ ውሃ ውስጥ እያለ ለየትኛዋ ልብላ?» አሉኝ።

በቃኝ። ያን ሁሉ ቢላ ያለፉ ሴት በእኔ ውሸት ሊሞቱብኝ ነው! በጠራራ ፀሐይ ፈረስ መጋላ ድረስ ሄጄ አዴ ዘሃራን ከባላቸው ሱቅ ጠርቼ ነገርኳቸው። የቀበራችሁት ጨርቅ ነው፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ትክ ብለው አዩኝ።

«የምን ጨርቅ?»

«የሰጠሁዎት ጥቅልል። ውስጡ ጎዝ ነው።»

«ልጄ፣ ሳናጥብ እንቀብራለን እንዴ? እኔው ፈትቼ፣ በዚህ እጄ አጥቤ፣ በአዲስ ጨርቅ ከፍኜ ነው ለወንዶቹ የሰጠሁት። ጨርቅማ አልነበረም፣ የሰው ሥጋ ነበር።»

እፍረቴን ሊሸፍኑልኝ መሰለኝ፣ እጃቸውን ይዤ እየጎተትኩ መጋዘን ወሰድኳቸው። ጠርሙሱ እንደተቀመጠ ነው፣ ፕላስተሩም አልተነካ፣ ውስጡም እኔ የከተትኩት አለ። አዴ ዘሃራ ቀርበው አዩ፣ ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ይሄ የሷ ነው?»

«የእሳቸው ነው።»

«አስተግፊሩላህ። እኔ ያጠብኩት የማን ነው ታዲያ?»

ጠርሙሱን አስታቀፍኳቸው፣ ወስደው አጥበው ከመጀመሪያው ጎን ቀበሩት። ዶክተሩ ጠረጴዛ መታብኝ፣ ነቀርሳው ተጠርጎ መውጣቱን በምን ልወቅ ብሎ ጮኸ፣ አልፈረድኩበትም። አዴ ሙሚና ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሾርባ ጠጡ፣ በሳምንቱ ተቀመጡ፣ በኋላም በእግራቸው ወጡ። ዓመት አለፋቸው፣ ሁለተኛውም፣ በርበሬያቸውን እየሸጡ።

ለምርመራ በመጡ ቁጥር እንዴት ነዎት እላቸዋለሁ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ብርዱ ለቆኛል ይላሉ። ከዚያ አዴ ዘሃራ እስኪወጡ ይጠብቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ።

«ሲስተር፣ እዚያ አፈር ውስጥ አጠገቤ ያስተኛችኋት ማን ናት? ስሜን እየጠራች ታወራኛለች።»

እኔም ጠባሳውን ልየው ብዬ አቀረቅራለሁ።