ከገጹ የወጣው ስም

«ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ታሪክ» የተባለው ዐውደ ርእይ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓት በቤተ መዘክሩ አዳራሽ ውስጥ ሬሳ ተገኘ። ሟቹ አታሚ ናቸው፤ የተከለከለ ጽሑፍ አትመሃል ተብለው ዘጠኝ ዓመት የታሰሩ ሽማግሌ። ራሳቸው ካበረከቱት የእጅ ማተሚያ መኪና ሥር ተዘርረዋል፤ የብረቱ ጠርዝ ማጅራታቸውን ሰብሮታል። የፖሊስ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ቀለም የነካቸውን ጣቶቻቸውን አየች።

በሰዓቱ በቤተ መዘክሩ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«ጮኸሽባቸዋል አሉ» አለቻት መርማሪዋ የሟቹን ልጅ።

«ጮኼበታለሁ። የጠቆመብኝን ሰው ስም አትሜ እሰቅላለሁ ሲለኝ ተወው አልኩት። ማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ነገ ታነቢዋለሽ አለኝ።»

የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ላባቸውን ጠረጉ። «እኔም ስም አይጥሩ፣ ያስከስሰናል ብዬ ለምኛቸው ነበር።»

«ሐሳብን በነፃነት ስለመግለጽ እያሳዩ?» አለች መርማሪዋ።



ሦስተኛው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በሟቹ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየደረደሩ ገጽ የሚያዘጋጁ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ አባቷ ታስረው ሳለ ልጅቷን ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ጥግ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «ምሳ በልቼ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት» አሉ።

መርማሪዋ የማተሚያ መኪናው ላይ የተደረደረውን የእርሳስ ፊደል መስመር በመስመር በጥፍሯ ዳሰሰችው። ፎቶ አስነሣችውና ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ሟቹ የነገውን ገጽ ለቅመው ጨርሰዋል። ከመጀመሪያው መስመር ግን አንድ ስም ወጥቷል። ይህ ፊደል የተገለበጠ ነው፤ እኔ ራሴ ለማንበብ መስታወት አስፈልጎኛል።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ ቢሆኑ ስሙ የት እንዳለ ስለማያውቁ ገጹን በሙሉ ይበትኑት ነበር። እሷም እንደዚያው። ይህ ሰው ግን ስሙን ብቻ ነቅሎ፣ መስመሩ እንዳይላላ ክፍተቱን በማይታተም ባዶ እርሳስ ሞልቶታል። ሰው ገድሎ መስመር የሚያስተካክል ማነው?»

ሽማግሌው ፊደል ለቃሚ ከኮታቸው ኪስ ጥቂት የእርሳስ ፊደሎች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እጄ ነው። የላላ መስመር ትቶ መሄድ አይችልም።»

«ጋሼ?» አለች ልጅቷ።

«አንቺ እንዳታውቂብኝ ነው፣ ልጄ። ለመንኩት፤ እምቢ ሲለኝ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ያኔ በጸጸት ነው ወስጄ ያሳደግኩሽ፤ በኋላ ግን ከአንቺ ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

«የቀረውን ገጽ አንብበውታል?» አለች መርማሪዋ ካቴናውን እያሰረችላቸው።

«ስሜን ብቻ ነው የፈለግኩት።»

መርማሪዋ ገጹን ቀለም ቀብታ አተመችውና ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ክፍተቱን ዘልላ ጮክ ብላ አነበበች።

«… ነው የጠቆመብኝ። ጥፍሩን ነቅለውት ነው። እኔም ብሆን እናገር ነበር። ልጄን አሳድጎልኛል፤ ዛሬ አጠገቤ ይቁም።»

ሽማግሌው ካቴና የታሰረ እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ።

ኃላፊው በሹክሹክታ፣ «እንዲሁ ክፍት ሆኖ ይሰቀል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይሆንም» አለች ልጅቷ። «አባቴ ያለው በሙሉ ይታተም።»

በዚያ አዳራሽ በሕይወት የቀረው ፊደል ለቃሚ አንድ ነው። መርማሪዋ ካቴናውን ፈታችላቸው። ሽማግሌው የገዛ ስማቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ ወደ መስመሩ ሲመልሱ ልጅቷ አላገዘቻቸውም፤ ከአጠገባቸው ግን ንቅንቅ አላለችም።