ከፒ አልወጣ ያለው ማርሽ

መርማሪዋ ወደ ጋራዡ ግቢ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው በሬሳው ላይ ሳይሆን ከብረት ምሰሶ ጋር በገመድ በተጠፈረ ሰው ላይ ነበር። ከንፈሩ ተተርትሯል፤ ግራ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ተጫምቷል፤ ከቦቲው ላይ የሳሙና አረፋ ይንጠባጠባል።

«ይሄን ሰው ማን ነው ያሰረው?»

«እኛ ነን፣ ልጄ» አሉ ሽበታቸው የሞላ፣ ቱታቸው በቅባት የጠቆረ ሰው ከፊት ወጥተው። «የገደለብን እሱ ነው። አጣቢው። እናንተ እስክትመጡ ይዘን ቆየን።»

«ልጅዎ አይደለሁም። ፍቱት።»

ማንም አልተነቃነቀም። ራሷ ሄዳ ገመዱን ፈታች። ሰውየውን በተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጠችውና አብሯት ለመጣው ፖሊስ «ውሃ ስጠው። አጠገቡ ማንም ዝር እንዳይል» አለችው። ለዓመታት የመኪና አደጋ ስትመረምር ብዙ ሬሳ አይታለች። ደሟን የሚያፈላው ግን ሁልጊዜ ሬሳው ሳይሆን በሬሳው ዙሪያ ለፍርድ የሚቸኩለው ሰው ነበር።

ሟቹ የጋራዡ ባለቤት ነው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጎንበስ ባለበት መኪናው ወደፊት ተስፈንጥሮ ከኋላው ከነበረው የብረት ጠረጴዛ ጋር ደረቱን ጨፍልቆታል። አሁን አንሶላ ለብሶ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሟል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ አታለቅስም፤ ጥርሷን ነክሳ መሬቱን ታያለች።

መርማሪዋ መጀመሪያ የመኪናውን ባለቤት ጠየቀች። ሴትዮዋ መድኃኒት ቤት ያላት ናት።

«ትናንት ሞተሩን እዚሁ አሳጠብኩ። በሰላም ነድቼ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት አስነሳሁት፤ ማርሹ ግን ከፒ፣ ከማቆሚያው፣ አልወጣ አለ። ፍሬን ብረግጥ፣ ብጎትት፣ ብሳደብ፣ ወይ ፍንክች! በጭነት መኪና ነው የመጣው። ሲያወርዱት እንኳ ጎማው አልዞር ብሎ እየተፋቀ ነው የወረደው።»

«ተናደው ነበር?»

«እንዴት አልናደድ? ሟቹ ላይ ሰው ፊት ጮኼበታለሁ። አሁን ይቆጨኛል።»

«ምን አሉዎት?»

«እኚያ ሽማግሌ አዩትና ‹ካምቢዮው ተበልቷል፤ ወርዶ ይቀየራል› አሉኝ። ሟቹ ግን ‹ይቆዩ፣ መጀመሪያ እኔ ልየው› አለ።»

«ሲሞት የት ነበሩ?»

«ከበሩ ውጪ ስልክ አወራ ነበር። ብቻዬን» አለች፤ ‹ብቻዬን› ስትል ድምፅዋ ወረደ።

ሽማግሌውን ሠፈሩ ሁሉ «አባ ካምቢዮ» ይላቸዋል። የሟቹ ሚስት አጎት ናቸው፤ ለሟቹም ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ውሃ ነው የገደለው» አሉ። «ይሄ ከብት ሞተሩን በፕላስቲክ ሳይሸፍን አጠበው። ውሃ የገባበት ካምቢዮ አይታመንም። ማርሹ ከፒ ዘሎ ዲ፣ መሄጃው ውስጥ ገባ፤ በቃ፣ ልጄን በላብኝ!»

«በራሱ ዘሎ?»

«በራሱ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ዕቃ ቤት፣ ብሎን ስፈልግ።»

«ማን አየዎት?»

«እኔን?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ሽበቴን ምስክር ጥሪያ!»

መርማሪዋ ወደ መኪናው ሄደች። ሞተሩን ያጠፋችው ሚስቱ ነች፤ ከዚያ ወዲህ ሬሳውን ለማውጣት ወደ ኋላ ገፉት እንጂ ውስጡን የነካው የለም። ማርሹ ዲ ላይ ነው። ከማርሹ ጎን ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ተከፍታለች፤ ጠርዟ ገና አሁን የተጫረ ነው። ከወንበሩ ሥር የቀዳዳዋን ክዳን አገኘች፤ እሷም ተጭራለች። የሾፌሩ ምንጣፍ ደረቅ ነው። ቁልፉን ከፍታ ፍሬኑን ረገጠችና ወደ ኋላ ጮኸች።

«የኋላው መብራት በራ?»

«አልበራም!» አለ ፖሊሱ።

ወርዳ የፊውዙን ሳጥን ከፈተች። ውስጡ ውሃ አቁሯል። የፍሬን መብራቱ ፊውዝ ተቃጥሏል።

አጣቢው ገና ባልዲው ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ሰውየው ሲሞት ምን ሰማህ?»

አጣቢው ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አመመው። «እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ሁሉም የመታኝ ነው።»

«እኔ እየጠየቅኩህ ነው።»

«ፕላስቲክ ማልበስ ረስቼ ነበር፤ እሱን አልክድም። ዛሬ ግን መኪናዋ አጠገብ አልደረስኩም። ከግድግዳው ወዲያ ሌላ መኪና አጥብ ነበር። ማሽኑን አቁሜ ስፖንጅ ስነክር የጌታዬን ድምፅ ሰማሁ። ‹ትንሽ ነዳጅ ይስጡልኝ፣ ድምፁን ልስማው› አለ። ሞተሩ ጮኸ። ከዚያ እሱ ጮኸ።»

«‹ስጠኝ› ነው ያለው ወይስ ‹ይስጡልኝ›?»

«‹ይስጡልኝ›። እኔንማ ‹አንተ ዝንጉ› ነው የሚለኝ።»

መርማሪዋ ተነሥታ ወደ ሚስቱ ሄደች። «እህቴ፣ ባልሽ አንቱ የሚለው ማንን ነው?»

«ደንበኛን ሁሉ።»

«ከእናንተ ውስጥስ?»

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ አጎቷ አየች፤ ከዚያ መልሳ አቀረቀረች። መርማሪዋ አልደገመችባትም።

ግቢ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በመኪናው ዙሪያ አቆመችው። ባለ መድኃኒት ቤቷን መሪው ጋ አስቀመጠችና «ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። ማርሹን ወደ ፒ ይመልሱት» አለቻት። ተመለሰ። «አሁን ያውጡት።»

ሴትዮዋ ፍሬኑን ረግጣ ጎተተች። በሁለት እጇ ጎተተች። ማርሹ ንቅንቅ አላለም።

«አያችሁ?» አለች መርማሪዋ። «ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት ይበራል፤ ያው ምልክት ነው የማርሹንም መቆለፊያ የሚከፍተው። በትናንቱ እጥበት ውሃ ገብቶ ፊውዙን አቃጠለ። መብራቱ ጠፋ፤ መቆለፊያውም አልከፈት አለ። የመኪናው በሽታ ይኸው ነው። ካምቢዮው ጤነኛ ነው! ውሃው ማርሹን ቆለፈው እንጂ አልፈታውም። ታዲያ ከፒ ዘሎ የወጣው በየት በኩል ነው?»

አባ ካምቢዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መርማሪዋ ካቻቢቴ ተቀብላ በትንሿ ቀዳዳ አስገባችና ተጫነች። ቀጭ አለ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ማርሹን ስትስበው ያለምንም ትግል ወጣ።

«ይህች ቀዳዳ ለእንዲህ ያለ ቀን የተሠራች ናት። ዛሬ አንድ ሰው ክዳኗን ፈንቅሎ ተጠቅሞባታል። ማን? እኚህ ሴት ቢያውቋት ኖሮ መኪናቸውን አስጭነው አይመጡም ነበር። አጣቢው መኪናው ውስጥ ገብቶ ቢሆን አረፋው ምንጣፉን ባራሰው ነበር፤ ምንጣፉ ግን ደረቅ ነው። ደግሞ ሟቹ ልምድ ያለው ሰው ነው። ሞተር ላይ ተደፍቶ መሪው ላይ የሚያስቀምጠው የሚያምነውን ሰው ነው። የሞተሩ ክዳን ስለተከፈተ ያ ሰው በእጁ ምን እንደሚሠራ ሟቹ አያይም። ‹ነዳጅ ይስጡልኝ› አለው፤ አንቱ ብሎ። በዚህ ግቢ አንቱ የሚላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ቀዳዳዋን አያውቋትም።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«እኔ አስተማሪው ነኝ!» አሉ። «ምን ቆርጦኝ እገድለዋለሁ?»

«ጠዋት ዕቃ ቤት ውስጥ የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ። «‹ጤነኛ ካምቢዮ ተበልቷል እያሉ አውርደው ሸጠዋል። ለሰዎቹ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ ለዛሬዋ ሴትዮ ደግሞ አሁኑኑ› ሲልዎት ሰምቻለሁ። የቤተሰብ ገመና ነው ብዬ ዋጥኩት። ለእርስዎ ብዬ ነው የዋጥኩት፣ አጎቴ! ባሌ መሬት ላይ ተጋድሞ ለእርስዎ ብዬ!»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። ከዚያ ፈነዱ።

«ብሎን ከመፍቻ የማይለይ ልጅ ነበር! እጁን ይዤ ሰው ያደረግኩት እኔ! ሰው ፊት ሌባ ሊለኝ? እኔን?»

«እሱን ገደሉት» አለች መርማሪዋ በንዴት። «ያ አልበቃ ብሎዎት በእሱ ደም ሌላ ሰው ሊያስገድሉ ገመድ አመጡ።» ወደ ፖሊሱ ዞረች። «ውሰደው!»

በሙሉ ዕድሜዋ ሽማግሌን ‹እሱ› ብላ አታውቅም ነበር። ፖሊሱ ካቴናውን አጥልቆ ከበሩ አጠገብ አቆማቸው። ሰዉ ቀስ በቀስ መበተን ሲጀምር መርማሪዋ በሩን አዘጋች።

«የት ትሄዳላችሁ? ይሄን ሰው የመታ ሁሉ ወደዚህ ይምጣ።»

«እንዴ! ሐዘን ላይ እኮ ነን!» አለ አንዱ መካኒክ።

«እሱም ጌታውን ነው ያጣው። ማንን ደበደበ?»

አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው ከጓደኛው ጀርባ ተሸሸገ። የሟቹ ሚስት ከባሏ አጠገብ ተነሣች። በእነሱ መሐል አቋርጣ ፖሊሱ ፊት ቆመችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ከእኔ ጀምር» አለች። «ዓይኑን የመታሁት እኔ ነኝ።»

አጣቢው ፊቱን አዞረ።