ጨው የጎደለው ምስር

«ዛሬም በካላዩ ታሾፊበታለሽ። አለበለዚያ ባትሪዬን ይዤ እሄዳለሁ» አለ ፍሰሃ በሩ ላይ ቆሞ።

ሸዊት ማይኩን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። ፍሰሃ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሱዳን ያለው የቱነይድባ ስደተኞች ካምፕ ብቸኛ የሮክ ባንድ መሪም እሱው ነው። እሷ ደግሞ «ራዲዮ» የሚሏት ጠባብ ክፍል ዲጄ ናት። አንቴና የላትም ይህቺ ራዲዮ፤ አንድ ሽቦ ብቻ ከክፍሏ ወጥቶ እህል የሚታደልበት የራሽን ሰልፍ አናት ላይ ከተሰቀለው የብረት ድምፅ ማጉያ ጋር ይገናኛል። መብራቷ ከባንዱ የሶላር ባትሪ ነው። ባትሪው ሄደ ማለት ራዲዮዋ ሞተች ማለት ነው።

ከሦስት ወር በፊት ጊታሪስቱ ካላዩ ከባንዱ ወጥቶ ብቻውን የሠራውን ዘፈን አመጣላት። ሸዊት ለቀቀችው። ከማጉያው የወጣው የተንጫጫ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። «ካላዩ ያለ ባንዱ ጨው የጎደለው ምስር ነው» አለች። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕፃናቱ ሁሉ «ካላዩ፣ ጨው አገኘህ ወይ?» እያሉ ይከተሉታል። ውሃ እንኳን ሰው በሌለበት በጠራራ ፀሐይ ነው የሚቀዳው።

ትናንት አዲስ ዘፈን ይዞ መጣ። ባትሪው ቻርጅ ላይ ስለነበር ሸዊት በስልኳ፣ በኤርፎን ሰማችው። ከድምፁ ሥር የጊታሩ ወፍራም ክር ከሩቅ እንደሚመጣ የክረምት ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ደነገጠች። የሳቀችበትን የድሮውን ዘፈን ፈልጋ ከፈተችው። ያው ነጎድጓድ እዚያም ነበር። የብረቱ ማጉያ ወፍራም ድምፅ አያወጣም፤ ይውጠዋል። እሷ ደግሞ ማጉያው የዋጠውን ድምፅ ካላዩ ያልተጫወተው መስሏት ፈረደችበት።

«ተሳስቻለሁ፣ ፍሰሃ» አለች አሁን። «ዘፈኑ ጥሩ ነው።»

«ጥሎን የሄደ ሰው ነው!»

«ጥሎን ሄዷል። ዘፈኑ ግን ጥሩ ነው።»

«እሱን ለራስሽ ያዢው። ሰው የሚሰማሽ ሊስቅ ነው። ኸላስ፣ ጨርሻለሁ።» ቁጢጥ ብሎ የባትሪውን ቀይ ሽቦ ያዘ።

ሸዊት በመስኮቱ አየች። ካላዩ ባዶ ጆንያውን በብብቱ ይዞ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ተሰልፏል። ከፊቱ የቆሙት አደይ ለተሰንበት፣ ያኔ ከሁሉ በላይ የሳቁት ሴትዮ፣ ወደ ክፍሏ ቀና ብለው «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቀልድ የለም እንዴ?» አሉ።

ዘፈኑን ብትለቀው ማጉያው መልሶ ቆርቆሮ ያደርገዋል። ፍሰሃም ለረጅም ወሬ ጊዜ አይሰጣትም። ማይኩን ከፈተች።

«ስለ ካላዩ ያልኩት ልክ አልነበረም። ዘፈኑን በደንብ ሳልሰማ ነው የ—»

ማጉያው ቀጥ አለ። ፍሰሃ የነቀለው ሽቦ በእጁ እንዳለ ቀና ብሎ አላያትም። ሰልፉም ወደ ክፍሏ ዞረ፤ ያልሳቀ ሰልፍ እንዲህ እንደሚያስፈራ ሸዊት አታውቅም ነበር።

ከኪሷ ስልኳንና ኤርፎኑን አወጣች። ቻርጁ ሃያ ሁለት በመቶ ይላል፤ ሰልፉ እስከ ውሃው ታንከር ይደርሳል። በወንድሟ አጠገብ አልፋ ወጣችና አደይ ለተሰንበት ፊት ቆመች።

«አደይ፣ ሻሽዎን ትንሽ ገለጥ ያድርጉልኝ» አለች፤ የካላዩን ዘፈን ከፍታ ኤርፎኑን ወደ ጆሯቸው እየዘረጋች።