ፌንጣዎቹ በዘመሩበት ሰዓት

ዳይሬክተሩ የሞቱት ብል በሚገደልበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ከቁም ሳጥን ትንሽ ሰፋ ያለ የብረት ሳጥን ነው፤ የሙዚየሙ የተሞሉ አንበሶችና አጋዘኖች በየተራ ይገቡበታል፣ በሩ ከውጭ ይቀረቀራል፣ ጋዝ ይለቀቃል፣ ቆዳቸውን የሚበላው ብል ታፍኖ ይሞታል። ዛሬ የታፈነው ሰው ነው። በሩን ሲደበድቡ የቆሰለው እጃቸው አሁንም እንደተጨበጠ ነበር። ፎቅ ላይ ሙዚቃ ስለነበረ ማንም አልሰማቸውም።

ያገኘቻቸው ቁልፍ ያዧ ናት፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ቁልፌ» ይላታል። ምድር ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የተገኘው የቁልፍ ዘለላም የእሷ ነው። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ በሥራ ሰዓት ሙዚቃ ስትሰማ ይዘዋት፣ «ከደገምሽ ሥራ የለሽም» ብለው ሰው ፊት አዋርደዋታል።

«ታዲያ ምኑ ይመረመራል?» አለ ምክትል ዳይሬክተሩ። «ቁልፉ የእሷ፣ ጠቡ የእሷ። ይዛችኋት ሂዱና እንግዶቹን እንልቀቅ።»

መርማሪው አጭር፣ ጉንፋን የጠናበት ሰው ነው። ከሟቹ ኪስ ያወጣትን ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስቶ በአጉሊ መነጽር አየ። ውስጧ አንዲት አረንጓዴ ጢንዚዛ አለች። ብልቃጧን ኪሱ ከተተና አፍንጫውን አበሰ።

«እሷ ከሄደች በሮቹን ማን ይከፍትልኛል?»

እናም ቁልፌ የራሷን መታሰሪያ በሮች ስትከፍት ዋለች። መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው፤ በየበሩ ፖሊስ ቆሟል፤ አዳራሹ ውስጥ የተዘጋባቸው ልጆች ያለቅሳሉ። ከዚህ ሕንጻ በፖሊስ መኪና ከወጣች በቀላሉ እንደማትመለስ ታውቃለች።

«ከአንቺ እንጀምር፣ እህቴ» አላት ደረጃውን ሲወጡ። «ምድር ቤቱን ለማን ከፈትሽ?»

«ለራሳቸው። ‹እዚህ የማገኘው ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ቁልፉን ተዪውና ሂጂ› አሉኝ።»

«ማንን?»

«አለቃ የቀጠረውን ሰው ለቁልፍ ያዥ ይነግራል እንዴ?»

«ከዚያስ የት ሄድሽ?»

«ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ። የፌንጣዎቹን ዜማ እሰማ ነበር።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም እንዳያየኝ ነው እኮ የተደበቅኩት።»

መርማሪው ሊስቅ ሲል አስነጠሰው።

የዕለቱ መስህብ ያ ዜማ ነበር። ሙዚየሙ በሩን ለሕዝብ በነጻ ከፍቶ፣ በዓሣ ነባሪው አጽም ሥር የሙዚቃ ባንድ አቁሟል። በመጨረሻው ዜማ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ፌንጣዎች ድምፅ በሽቦ ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ ባንዱም አብሯቸው ይጫወታል። ዜማው ሲጀመር ዳይሬክተሩ በሕይወት ነበሩ፤ ሲያልቅ ሬሳቸው ተገኘ። ወደ ምድር ቤት የሚያወርደው የሠራተኞች ደረጃ ብቻ ነው። ምክትሉ በዚያ ሰዓት ከእንግዶች ጋር ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የነፍሳት ተመራማሪው ዶክተር ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ማይክሮፎን ይዟል። የት እንደነበረች የሚመሰክርላት የሌለው ቁልፌ ብቻ ናት።

ድራም መቺዋ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

«ምን አየሽ?» አላት መርማሪው።

«መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ነው፣ ምንም አላይም። የማውቀው ፌንጣዎቹ ጉድ እንደሠሩኝ ነው። ትናንት ከሰዓት ስንለማመድ ይሮጡ ነበር። ዛሬ ልክ እንደ ሽማግሌ ተጎተቱ። ባንዱን በሙሉ ማዘግየት ነበረብኝ፤ ዘፋኟ እስካሁን እንዳኮረፈችኝ ነው።»

የነፍሳቱ ክፍል በር ላይ ለልጆች የተሣለ ትልቅ ሥዕል ከነጽሑፉ ተለጥፏል። ቁልፌ በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊታቸውን መታው። በመስታወት ሣጥኖቹ ውስጥ ፌንጣዎቹ ጆሮ እስኪበሳ ይጮኻሉ። ዶክተሩ በትሕትና ተነሳ። ከጀርባው፣ አዲስ ዝርያ ተብላ በስሙ ከተሰየመችው አረንጓዴ ጢንዚዛ ጋር የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል።

«ይህ ክፍል ነው ወይስ ምድጃ?» አለ መርማሪው ካፖርቱን እያወለቀ።

«ሙቀት ይወዳሉ። ማሞቂያው ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው።»

«በዜማው ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። አዳራሹ በሙሉ ድምፄን ሰምቷል። ‹ክቡራን እንግዶች፣ ዘማሪዎቼን አድምጡልኝ› ብዬ ነው የጀመርኩት።»

ቁልፌም ሰምታዋለች። ልቧ ወረደ። ሲወጡ ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«ማሞቂያውን ሁልጊዜ ጠዋት በር ስከፍት የማበራው እኔ ነኝ» አለች። «ዛሬ ‹ተዪው፣ በኋላ ራሴ አበራዋለሁ› ብሎ በር ላይ መለሰኝ።»

መርማሪው ሦስት ደረጃ ወርዶ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ወደ ላይ ተመለሰ።

«ሁሉንም ጥሪልኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ።»

ተጣበው ቆሙ። ምክትሉ ሰዓቱን ያያል። ፖሊሱ የቁልፌን ክንድ ይዟል፤ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል።

«ዛሬ የተጫወታችሁበትን ፍጥነት ጉልበትሽ ላይ ምቺልኝ» አላት መርማሪው ድራም መቺዋን።

መታች። ፌንጣዎቹ ጥለዋት ሄዱ። «ይቀድሙኛል» አለች። «ይህ የትናንቱ ፍጥነት ነው።»

«ነፍሳት ናቸው፣ ሰዓት አይደሉም» አለ ዶክተሩ። «አንዳንዴ ይደክማቸዋል።»

«በር ላይ የለጠፉት ሥዕል እንደዚያ አይልም። ‹ፌንጣ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሲበርደው ይዘገያል› ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ስም አለ። ማሞቂያው ከጠዋት ጀምሮ በርቷል ያሉኝም እርስዎ ነዎት። እንግዲያው ዛሬ ከሰዓት እዚህ የዘመረ ፌንጣ ሊዘገይ አይችልም። አዳራሹ የሰማው የበረደው ፌንጣ ነው።» አፍንጫውን አበሰ። «ክፍሉ ቀዝቃዛ የነበረው ደግሞ ጠዋት፣ ይህችን ልጅ በመለሷት ሰዓት ነው። ማሞቂያው ያጓራል፤ ቅጂው እንዳይበላሽ አላስበሩትም። የፌንጣዎቹን ድምፅ ከነንግግርዎ ቀዱ። ከሰዓት ቅጂውን ለቀው በሠራተኞች ደረጃ ወረዱ። ዳይሬክተሩ የቀጠሩት እርስዎን ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ቀርቅረውባቸው ጋዙን ለቀቁ።»

«ለምን ብዬ?»

መርማሪው ብልቃጧን አወጣና ከፎቶው አጠገብ ያዛት። «ስለዚህች። በአጉሊ መነጽር ላየ ሰው ክንፏ ሥር ሙጫ አለ። ገላዋ የአንድ ጢንዚዛ፣ ክንፏ የሌላ። አዲስ ዝርያ የሚባል ነገር የለም።»

ዶክተሩ ቅጂው ያለበትን ስልኩን ማንም ሳይጠይቀው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዳይሬክተሩ ትናንት ነው የነገሩኝ» አለ። «‹ራስህ ተናገር፣ እስከ ነገ ማታ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ› አሉኝ። መልካም ያደረጉልኝ መስሏቸው ነበር።»

ፖሊሱ የቁልፌን ክንድ ለቆ የዶክተሩን ያዘ። ይቅርታ ያላት የለም። ክንዷ ላይ የጣቶቹ ምልክት ቀርቷል።

መርማሪው ካፖርቱን እየለበሰ «ጨርሰናል፣ እህቴ፤ ወደ ቤትሽ» አላት።

አዳራሹን ከፈተች። እንግዶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተግተልትለው ወጡ። ምክትሉ ከኋላዋ መጣ፤ ድምፁ ለስልሷል።

«ነገ እንደተለመደው ቀደም ብለሽ ትከፍቺልናለሽ፣ አይደል?»

ቁልፌ ዘለላውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከብዶት እጁ ዝቅ አለ።

«ነገ ዕረፍቴ ነው።»

«ቆይ እንጂ፣ ዋናውን በር የሚከፍተው የትኛው ነው?»

«እየሞከርክ» አለችና ደረጃውን ወርዳ መንገድ ተሻገረች።